ስሜትና ማሳመን በድርሰት ሥራ፤ ከቆቦና ከራያ ቆላ የተወሰዱ ምሳሌዎች

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የክበባችን ሊቀ መንበር እንድናገርበት የሰጡኝ አርእስት «ደራሲ የሰውን ልብ መንካት ይገባዋልን፣ ወይስ አእምሮውን ማሳመን?» የሚል ነው። እንዲህ ያለ አርእስት ሲሰጥ ተናጋሪው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጦ የአርስጣጣሊስን፣ የቶልስቶይንና የብሬሽትን ስም ይዞ ይመለሳል። እኔም ሄጄ ነበር፤ ስማቸውንም በቦታው እጠራለሁ። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ከማንኛውም ስፍራ ይልቅ ተፈትኖ የታየው በእኛው አገር፣ ከወልድያ እስከ አላማጣ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ስለ ሆነ፣ ንግግሬን በቆቦና በራያ ቆላ ላይ አደርጋለሁ። የተወለድህበት አገር ስለ ሆነ ታዳላለህ የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም።

አገሩን ለማያውቁት ጥቂት ልንገር። ቆቦ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በስተ ምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በስተ ምሥራቅ ዞብል ይታያል፤ ከዞብል ማዶ አፋር ነው። የሕዝቡ ዋና እህል ማሽላ ሲሆን፣ ገበሬው ወደ ሰማይ ብቻ ሳይሆን ወደ ደጋውም ያንጋጥጣል፤ ዝናቡ በተራራው ላይ ወርዶ ጎርፍ ሆኖ ነውና የሚመጣለት። ጎሊናና ሆርማት ሞልተው ሲወርዱ በድንጋይ፣ በጭራሮና በአፈር በሠራው ክትር ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ጎርፉ ከቀረ ማሽላው ይደርቃል፤ ከበረታም ክትሩን ጥሶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። በድርሰት ውስጥ ስሜት ያለው ጠባይ ይህን ጎርፍ ይመስለኛል። ምሳሌውን ግን ከዚህ በላይ አልጎትተውም፤ የኛ ሰው ምሳሌ ሲያምርለት ነገሩን መርሳት ይወዳል።

በ1965 ዓ.ም. ይህ አገር ተራበ። ሰዉ ያለውን ሁሉ ሸጦ ሲጨርስ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ፤ በየከተማው ዳር፣ በየመንገዱ ጠርዝ ተኮለኮለ። የሞተው ሰው ቁጥር እስካሁን በግምት ነው የሚነገረው፤ ዝቅተኛው 40,000፣ ከፍተኛው 200,000 ይደርሳል። የጊዜው መንግሥት ነገሩን እያወቀ ዝም አለ። በዚያው ዓመት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ሥዕሎቹንም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለተመልካች አቀረቡ። ጓደኞቼ፣ እስቲ ይህን አስቡት። ከዚያ በፊት ረሃቡ ወሬ ነበር፤ ወሬን ደግሞ «ውሸት ነው» ብሎ መካድ ይቻላል። ፎቶግራፉ ከተሰቀለ በኋላ ግን የሚክደው ሰው መጀመሪያ ዓይኑን መጨፈን ነበረበት። እዚህ ላይ ስሜትና ማስረጃ አልተለያዩም፤ ያው አንዱ ሥዕል ልብ ይሰብራል፣ ደግሞም ይመሰክራል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። የውጭ አገር ሕዝብ አይቶ አለቀሰ፤ ገንዘብም አዋጣ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር የመጣው ፊልሙ ወደ አገራችን ሲመለስ ነው።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። እንደ ተሠራ ግን አላሳየውም። በራብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና የሠርግ ሥዕል እየተቆረጠ ገባበት። አንድ ጊዜ አጥንቱ የወጣ ሕፃን፣ ወዲያው ደግሞ የተቆለለ ኬክ። ማንም ተነሥቶ «ይህ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው» ብሎ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተመልካቹ «ስለዚህ» የምትለዋን ቃል በራሱ ይጨምራል። ሰው ራሱ የጨመራትን ቃል ደግሞ ማንም አያስጥለውም።

ይህን የምለው የዘውዱን መንግሥት ለማጽዳት አይደለም። ረሃቡን መደበቁ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። ጥያቄዬ ፊልሙ ተመልካቹን ያሳመነው ስለ ምን ነገር ነው የሚል ነው። ያሳመነው ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ አንድ ቤተ መንግሥት ነበር። የቆቦ ገበሬ ለምን እንደ ተራበ፣ በመጪው ድርቅም እንዳይራብ ምን መደረግ እንዳለበት ግን አልነገረውም። በነጋታው ሽማግሌው በቮልስዋገን ተጭነው ሄዱ፤ ሕዝቡም ነገሩ ያለቀ መሰለው። ልክ በዐሥረኛው ዓመት፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ደርግ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመትና የፓርቲውን ምሥረታ በታላቅ ድግስ ሲያከብር የወሎ ሰው እንደገና ወደ አውራ ጎዳናው ወርዶ ነበር። ያን ማታ ፊልሙን የቆረጠው እጅ በሕይወት ኖሮ ከሆነ፣ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን የማስቀመጥ ዕድል ሁለተኛ ጊዜ አግኝቶ ነበር። አልተጠቀመበትም።

የ1977ቱን ሁሉም ስለሚያውቀው ባጭሩ እነግራለሁ። ከራያ ሜዳ ከአላማጣ ወደ ላይ፣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥተው የሚደርሱባት የደጋ ከተማ ኮረም ናት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ያነሣው ሥዕል ከማይክል በርክ ንባብ ጋር በቢቢሲ ታየ። በዚያው ዓመት ኅዳር የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው ስለ ገና የሚጠይቅ ዘፈን አወጡ፤ ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ ትልቁ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። የተሰበሰበው ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ ገንዘብ የዳነ ሰው አለ፤ ልጁም ምናልባት ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ «ስሜት ብቻ ነው» ብዬ አላቃልለውም።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ያ ንባብ ረሃቡን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ከነበረው ረሃብ ጋር አመሳስሎት ነበር። ቃሉ ያስደነግጣል፤ ውበትም አለው። ዳሩ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን የመጣ ረሃብ ማን ያመጣው ነው? እግዚአብሔር። ጦርነቱ፣ በጦርነቱ ምክንያት የተዘጋው መንገድ፣ መንግሥት እህሉን ለማንና የት እንደሚሰጥ የሚቆርጥበት ሐሳብ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ያማረ ቃል ተሸፈነ። ከዚያም በኋላ ወደ 600,000 የሚደርስ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሰፈራ ሲጋዝ፣ ብዙውም ያለ ፈቃዱ ሲሄድ፣ ያ ሁሉ ያለቀሰ ዓለም ምን ማለት እንዳለበት አላወቀም። እንባው ምክንያትን አልያዘም ነበርና። ሁለተኛ፣ ዘፈኑ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ብሎ የጠየቀው ከላሊበላ ሩቅ ስላልሆነ አገር ነው። በዚያም አገር ክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን እስላሙም ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር የገናን ቀን ያውቃል። አላዋቂነት ይቅር ይባላል፤ ነገር ግን ያለቀስንለትን ሰው ሳናውቀው ማልቀስ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

አሁን ወደ አሳማኞቹ ልለፍ። ሁለት መጻሕፍት አሉ። አንዱ የሕንዱ ተወላጅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው፤ በውስጡ ስለ 1965ቱ የወሎ ረሃብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። ሌላው የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነው፤ በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ይመረምራል። ሴን የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ በዚያ ዓመት በአገሪቱ የነበረው እህል እንደሚወራው አልጠፋም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሄደ እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው መግዣ ነው። ማሳው ባዶ ሲሆን የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። ከዞብል ማዶ ያለው አፋርም ከብቱን ይዞ ወደ ገበያ ሲመጣ የከብት ዋጋ ወድቆ ጠበቀው፤ የበጋ ግጦሹን ደግሞ ቀደም ብሎ በአዋሽ ዳር የጥጥ እርሻ ወስዶበት ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ደግሞ ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም ይላሉ፤ ድርቅ የሰማይ ነው፤ ረሃብ ግን ገበሬውን ከእጅ ወደ አፍ አድርጎ አቅም በነሣውና ስቃዩን ችላ ባለው ሥርዓት የሚመጣ ነው።

እነዚህ ሁለት መጻሕፍት አሳምነውኛል። ነገር ግን ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ሠንጠረዥ አላቸው፤ የቆቦ ገበሬም፣ የቆቦ አስተማሪም ብዙ አላነበባቸውም። በወልድያ ገበያ ስለ 66ቱ ረሃብ ጠይቁ፤ አብዛኛው ሰው የሚነግራችሁ ስለ ኬኩ ነው። ፊልሙ አሸንፏል።

እንግዲህ የደራሲው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። በሴን ሠንጠረዥ ውስጥ ያለው ነገር ከኬኩ ያነሰ የሚያስለቅስ አይደለም። አንድ የራያ ገበሬ በችግር ጊዜ ምን በምን ተራ እንደሚሸጥ ሽማግሎቻችንን ጠይቁ። መጀመሪያ ዶሮና ፍየል፤ ቀጥሎ ላም፤ በሬውን ግን እስከ መጨረሻ ይዞ ይቆያል፤ በሬ ከተሸጠ ገበሬ አይደለምና። በመጨረሻ በሬውን ይዞ ገበያ ሲወርድ ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን በሬ ይዞ ቆሞ ያገኘዋል። ሁሉም ሻጭ ሆነ፤ ገዢ የለም። ነጋዴው የሚሰጠው ዋጋ ስንት ቁና ማሽላ እንደሚገዛ ገበሬው በልቡ ያሰላል፤ በስንት ቀን እንደሚያልቅም ያውቃል። ይህን ያለ አንድ «ወዮ» የሚጽፍ ደራሲ ቢገኝ አንባቢው ያለቅሳል፤ እንባውን ሲጠርግም ረሃብ ምን እንደ ሆነ ገብቶት ይነሣል። ብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» በተሰኘው ሦስት ክፍል ባለው ልብ ወለዱ ወደ ወሎ ረሃብ መግባቱ የሚመሰገንበት ነው። ነገር ግን የዋጋው ነገር፣ ያ የገበያ ቀን፣ ገና ጸሐፊውን እየጠበቀ ነው።

ስለ ልብ ወለድ ካነሣሁ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን ነገር በደንብ ያስተምራል። በመጽሐፉ ውስጥ የሚከራከረው ጉዱ ካሣ ነው፤ ክርክሩም ይጥማል። ግን ከኛ መካከል የዘር ኩራት ክፉ መሆኑን ከጉዱ ካሣ ክርክር የተቀበለ ማን ነው? የተቀበልነው ከሰብለ ወንጌል ዕጣ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ክርክሩን ለአንድ ሰው ሰጥተው፣ ማስረጃውን በሌላይቱ ሕይወት ላይ ጻፉት። ጉዱ ካሣ ብቻውን ቢሆን ስብከት ነበር፤ ሰብለ ብቻዋን ብትሆን ሙሾ።

ሙሾ ካልሁ ደግሞ ወደ አገሬ ልመለስ፤ ለቅሶን በከንቱ የሚያይ ሰው በራያ ቆላ ለቅሶ ላይ ያልተቀመጠ ነው። ሰው ተገድሎ የሞተ እንደ ሆነ አልቃሿ ዝም ብላ ሟቹን አታመሰግንም። ግጥሟ ከሟቹ ተነሥቶ ወደ ወንድሙ ይሻገራል፤ ጎራዴውን፣ ጠመንጃውን፣ የአባቱን ስም ያነሣል። «ግደል» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። ወንድሙ ግን ሰምቷል፤ ለቅሶ ላይ ያለው ሕዝብም እንደ ሰማ አይቷል። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መኖር ለእርሱ ከሞት ይከፋል። ይህ ያለ አንዳች ክርክር የሚሠራ የስሜት ጉልበት ነው፤ በአንዲት ግጥም ምክንያት ሁለት ቤተ ዘመድ ከገበያና ከሠርግ ተቆራርጦ ዓመታት ይኖራል።

ይህን የሚመልሰው ደግሞ የሽማግሎች ቃል ነው። በቆቦ በኩል ዘወልድ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት እንዳለ ከመካከላችሁ የአገሩ ልጆች የሆናችሁ ታውቃላችሁ። ሽማግሎቹ ከቄሱም ከሼሁም ጋር ሆነው ወደ ሟች ቤተ ሰብ ሲሄዱ በሕግ አንቀጽ አይጀምሩም። አብረው ያለቅሳሉ፤ ሟቹን ከአልቃሿ ባላነሰ ያመሰግናሉ። «አብሽር» ይላሉ፤ ይህቺ የወሎ ቃል ስንት ነገር እንደምትሸከም ወሎ ያልኖረ አይገባውም። ልቡ ሲላላ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለው፣ ሒሳቡን ያመጣሉ፤ ያልታረሰው ማሳ፣ ውኃ ለመቅዳት የምትፈራው ልጅ፣ ነገ በአንተ ልጅ ላይ የሚዞረው ደም። የደም ካሳው የሚነገረው ከሁሉ በኋላ ነው። አርስጣጣሊስ ተናጋሪ በሦስት ነገር ያሳምናል ብሎ ነበር፤ በራሱ ጠባይ፣ በሰሚው ስሜት፣ በነገሩ ማስረጃ። የኛ ሽማግሎች አርስጣጣሊስን ሳያነቡ ሦስቱንም ያውቃሉ፤ በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉንም ከእርሱ አሻሽለው ያውቁታል።

የወሎ ሼሆች መንዙማም እንዲሁ ነው። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር በአማርኛ፣ በዐረብ ፊደል የጻፉት መንዙማ ዐረብኛ ለማያውቀው ገበሬ ትምህርት ነበር። ዜማው ያስለቅሳል፤ ውስጡ ግን ሥርዓተ ሃይማኖት ነው። ቶልስቶይ በ1898 እ.ኤ.አ. ስለ ኪነ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ኪነ ጥበብ ስሜትን ከሰው ወደ ሰው እንደ ተላላፊ በሽታ ማስተላለፍ ነው ይላል። ብሬሽት በበኩሉ ተመልካቹ በስሜት ሰክሮ ከቲያትር እንዳይወጣ ይፈራል፤ እንዲያስብ ይፈልጋል። ሁለቱም የመንዙማ ሌሊት ቢያድሩ ኖሮ እንዲህ ባልተራራቁ ነበር።

በመጨረሻ ስለ እኛው ጽሑፍ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ራያ መተላለፊያ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ፣ በጳጉሜን፣ የትግራይ ኃይሎች በቆቦ ያልታጠቁ ሰዎችን እንደ ገደሉ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 አስታውቋል። ይኸው ድርጅት ከዚያ በፊት፣ በየካቲት 2013፣ የኤርትራ ወታደሮች በአክሱም ስለ ፈጸሙት ግድያ አስታውቆ ነበር። ሁለቱም ዘገባዎች ደረቅ ናቸው፤ ቀን፣ ስፍራ፣ ምስክር፣ ቁጥር። ወደዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ዘንድ ከገቡት ግጥሞች ስለ ጦርነቱ የሆኑትን ሁሉ አንብቤአለሁ። ጥቂቶቹ ደኅና ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ሽለላ ናቸው። የሞተው ሰው በውስጣቸው የለም። ምን ዓይነት በር እንደ ነበረው፣ ማለዳ ይሁን ማታ፣ ምን ይዞ እንደ ወጣ አልተጻፈም፤ ያለው «ደም» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም በአንድ ገጽ ሰባት ጊዜ።

ቁጣ አይገባም አላልኩም። ወንድሙ የሞተበትን ሰው «ተረጋግተህ ጻፍ» ማለት ድፍረት ነው። እኔ የምጠይቀው ግጥሙ ከአላማጣ ማዶ ያለች፣ እርሷም ልጅዋን የቀበረች እናት ፊት ቢነበብ ምን ይሆናል የሚለውን ነው። ሽለላውን ስትሰማ በሯን ትዘጋለች፤ የርሷም ሠፈር የራሱ ሽለላ አለውና። የዚያን የቆቦ ሰው በር፣ ማለዳውን፣ የያዘውን ነገር ብትሰማ ግን ለመካድ ትቸገራለች። ያ የ1965ቱ ፎቶግራፍ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ለአዘጋጅ ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለሚቀጥለው እትም ስለ ጦርነቱ ወይም ስለ ረሃቡ የሚጽፍ ሁሉ፣ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ሁለት ቀን ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት እናት ዘንድ ተቀምጦ ይጠይቅ፤ ዋጋውን፣ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስም ይጻፍ። የሰዎቹን ስም ያለ ፈቃዳቸው አያውጣ። ግጥሙን ከዚያ በኋላ ያምጣ፤ ኮሚቴውም ከማስታወሻው ጋር አስተያይቶ ያንብበው። መምህራኖቻችን ከፈቀዱ ደግሞ ከፕሮፌሰር መስፍን መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ ተተርጉሞ በዚሁ ገጽ ላይ በተከታታይ ቢወጣ ደስ ይለኛል፤ ለትርጉሙ ሦስት ሰው ይበቃል፤ እኔ አንዱ ነኝ።

ጥያቄ ያለው ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።